የሌሶ ሙሽራ ግራ እግር

ጃንዋሪ 9፣ 1984፣ ሰኞ

ክሮግ እሺ አለ! ከቢሮው ስወጣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ያውም በዚህ ጉልበት። "የሌሶ ሙሽራ" ልትነሣ ነው! ቅድመ አያቶቻችን እንባቸውን እያበሱ ያዩዋት፣ ከ1929 ወዲህ ግን ማንም ያልደነሳት የሌሶ ደሴት ሠርግ ባሌት፣ በኔ በቦዲል እጅ ልትነሣ ነው። መደነስ ትቼ ማሠልጠን ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ክሮግ የቴአትር ቤቱ ዳይሬክተር ነውና "እሺ"ን ያለ "ግን" አይሰጥም። "ግን ቦዲል፣ ማርች አንድ ቀን ገብቼ አያለሁ። የሙሽራዋ ዳንስ ተሟልቶ ካልጠበቀኝ ባሌቷ ትቀራለች፤ በምትኳ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን አንዱን እናስገባለን" አለኝ።

ጣጣው እዚያው ላይ ነው። ዜማው አለን። የሠርገኞቹን ዳንስ የድሮው መምህር ከዜማው ጎን እየጫረ ትቶልናል። የሙሽራዋ ቦታ ሲደርስ ግን "እዚህ ሙሽራዋ ትደንሳለች" ብሎ ዐርፏል። እግዜር ይስጥልን! መደነሷን ማን አጣው?

ደግነቱ ያንን ዳንስ የሚያውቁ ሁለት ሴቶች በሕይወት አሉ፤ ሁለቱም እዚሁ ኮፐንሃገን። ታዲያ ምን ችግር አለ?

ጃንዋሪ 12፣ ሐሙስ

ችግር አለ።

በ1929 ሙሽራዋ ሆነው የደነሱት ወይዘሮ አስታ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጀርባቸው ግን እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ ነው። ወሬዬን ሳልጨርስ "መቼ ነው የምንጀምረው?" ብለው ባርኔጣቸውን መፈለግ ጀመሩ። እኔ አፌ አያርፍ፣ "ነገ ደግሞ ወይዘሮ ቲራ ዘንድ እሄዳለሁ" አልኩ።

የኬኩ ሹካ እጃቸው ላይ ቀረ።

"ቲራ ተጠባባቂ ነበረች" አሉ። "እኔ ብታመም ልትተካኝ። አልታመምኩማ! ተጠባባቂ ምን ታውቃለች?"

"ዳንሱን አጥንተውታል ሲባል ሰምቼ ነው እኮ..."

"ልጄ፣ እሷ በገባችበት በር እኔ አልገባም። ምረጪ።"

አልመርጥም። ከነፋሱ ጋር እየታገልኩ ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ ራሴን እየሰደብኩ ቤቴ ገባሁ።

ጃንዋሪ 13፣ ዓርብ

ወይዘሮ ቲራ ቫልቢ ሰፈር ነው የሚኖሩት። አጭር፣ ድብልብል፣ ሳቂታ ናቸው፤ ሳቃቸው ደረጃው ላይ ወርዶ ተቀበለኝ። የአስታን ስም ስጠራ ግን "አለች እንዴ?" አሉ፤ አስታ መኖራቸውን የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር እያወቀ።

ከዚያ እንዲህ አጫወቱኝ፦ "ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ በቴአትር ቤቱ ትምህርት ቤት አብረን ነው ያደግነው። አንዲት ከረሜላ ለሁለት ነክሰን የምንበላ ነበርን። የመጨረሻዋ ምሽት ላይ እግሯ ወለም አላትና 'ቲራ ትውጣ' ተባለ። ልብሱን ለበስኩ። ተኳኳልኩ። ዘውዱን ደፋሁ። መጋረጃው ሊከፈት ሲል አስታ እያነከሰች መጣችና 'አምጪው' ብላ ዘውዱን ከራሴ ላይ አነሣችው። ሄዳ ደነሰች። ባሌቷም ከዚያ ወዲያ አልታየችም።"

"አዝናለሁ" አልኳቸው።

"ምን ያሳዝናል? ወጥ ቤቴ ውስጥ ድንች እየላጥኩ ሺ ጊዜ ደንሼዋለሁ!" ብለው ሳቁ። ኋላ ካፖርቴን ሲያቀብሉኝ "እሷ በማትመጣበት ቀን እመጣለሁ" አሉ።

እሺ ይሁን። አስታ ማክሰኞ፣ ቲራ ሐሙስ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ነው።

ጃንዋሪ 17፣ ማክሰኞ

ድሮ የባሌት ልምምድ በፒያኖ ሳይሆን በቫዮሊን ነበር። የተረፈልንም ዜማ የቫዮሊን ስለሆነ ከኦርኬስትራው ፕሬበንን ሰጡኝ። ሰው ጠፍቶ! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምሳው የኮመጠጠ ዓሣ በጥቁር ዳቦ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። በዚያ ላይ እየተጫወተ ያንጎራጉራል። "አፍህን ዘግተህ ብትጫወት ምን ይጎድልብሃል?" ስለው፣ "አፌን ከዘጋሁ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል" አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት።

ወይዘሮ አስታ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳዩን። ሙሽራችን ማይብሪት አፏን ከፍታ ቀረች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ እግሯን ጆሮዋ ላይ ማድረስ የለመደች ልጅ ናት። እዚህ ግን እግር አይሰቀልም፤ ትንንሽ፣ ፈጣን፣ መሬቱን ሳም እያደረጉ መዝለል ነው። መጀመሪያው እንደ ውሃ ፈሰሰላቸው። መጨረሻውም። መሃሉ ላይ ግን ቆሙ።

"መሃሉ... መሃሉ እኮ..."

ፕሬበን ደጋግሞ ተጫወተላቸው። የለም። ጓንታቸውን አጠለቁ። "ጥሎኝ ሄደ" አሉኝ በቀስታ። አንጀቴን በሉት።

ጃንዋሪ 19፣ ሐሙስ

ወይዘሮ ቲራ ገና ሲገቡ "ከመጀመሪያው ላሳያችሁ" አሉ።

"የለም የለም፣ መጀመሪያውን ወይዘሮ አስታ አሳይተውናል። መሃሉን ብቻ ነው የምንፈልገው" አልኳቸው። ጊዜ የለኛ!

"እንደ ወደድሽ" አሉ።

መሃሉ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሙሽራዋ እየሳቀች ትሸሻለች፣ ትቆማለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች፣ እንደገና ትሸሻለች። ወይዘሮ ቲራ በዚያ ክብ ሰውነታቸው ላባ ሆኑ። ፕሬበን ማንጎራጎሩን ረሳ። ስንወጣ "ታያለሽ ቦዲል፣ ተሳክቶልሻል" አለኝ። ብስክሌቴንም ከበረዶው ውስጥ አወጣልኝ። አላልኩትም ነበር።

ጃንዋሪ 26፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ሦስቱን ክፍል አገጣጠምን። ማይብሪት ከሠርጉ ጠረጴዛ ጋር ተጋጨች። ድካም ነው። ነገ ይስተካከላል።

ጃንዋሪ 27፣ ዓርብ

አልተስተካከለም።

ጃንዋሪ 31፣ ማክሰኞ

ምን ጉድ ነው! መሃሉ ሲጀምር ሙሽራዋ ወደ ሙሽራው መሄድ ሲገባት ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጠረጴዛው ትከንፋለች። መጨረሻው ሲመጣ ደግሞ ሠርገኞቹ መሃል ትሰነቀራለች። ዛሬ እንስራ ሰበረች። ሙሽራው ኪም ወገቡን ይዞ፣ "እትዬ ቦዲል፣ ይቺ ልጅ ልታገባኝ ነው ወይስ ልታመልጠኝ?" አለ።

"መልክህን በደንብ ካየሁት በኋላ ነው" አለች ማይብሪት ከወለሉ ላይ ሳትነሣ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። ማርች አንድ እየመጣ ነው።

ፌብሩዋሪ 7፣ ማክሰኞ

ለወይዘሮ አስታ ሙሉውን አሳየኋቸው። መሃሉ ላይ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ይሄ የኔ ዳንስ አይደለም! የተንኮል ሥራ ነው። ባሌቷ እንድትወድቅ ሆነ ብላ አጣማ ነው ያሳየቻችሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቂሟን ስታጠራቅም ኖራ!"

ፌብሩዋሪ 9፣ ሐሙስ

ለወይዘሮ ቲራም አሳየኋቸው። እሳቸው ደግሞ መጀመሪያው ላይ ከት ብለው ሳቁ። "ምስኪን አስታ! እግሩ ሁሉ ጠፍቶባታል። ዳሩ ምን ታድርግ፣ እርጅና ነው" አሉ። እሳቸው በአንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው የሚያንሷቸው!

ማንን ልመን? አስታ መድረክ ላይ ደንሰውታል። ቲራ ግን ሲያሳዩ አንድም ቦታ አይጠራጠሩም። ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ዘውድ ከራሷ ላይ የተነጠቀች ሴት ብትበቀልስ ምን ይፈረድባታል? እንዲህ ማሰቤ ራሴን አስጠላኝ።

ምሳ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት የልብስ ክፍል ሴቶች ከጀርባዬ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። "ቦዲል ሁለት አሮጊት መሃል ገብታ ሦስተኛዋ ሆናላችኋለች።" ኧረ ወዲያ! ዞር ብዬ ጨው አቀብሉኝ አልኳቸው። ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር ቀላ።

ፌብሩዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ልደቴ ነው። ሃምሳ ሰባት። እንደ ደንቡ ኬኩን ራሴ ጋግሬ ወስጄ አበላኋቸው። በልደት ቀን የሚተከለውን የወረቀት ባንዲራ ያስቀመጠልኝ ፕሬበን ብቻ ነው፤ ከቤቱ ይዞ መጥቶ ኬኩ አጠገብ ተከለው። ለምን እንደዚያ እንደተቁነጠነጠ እንጃ፤ ባንዲራ ነው እንጂ ቤተ መንግሥት አልሠራልኝ።

ሲመሽ ሰማያዊ ሻርፕ ገዛሁ። ስለበረደኝ ነው።

ፌብሩዋሪ 21፣ ማክሰኞ

ክሮግ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ "እንዴት ነው ሙሽራችን?" አለኝ። "እያማረባት ነው" አልኩት። ዋሸሁ። ማይብሪት ያበጠ ጉልበቷን በበረዶ ይዛ ጥግ ተቀምጣ ነበር።

ፕሬበንን "በቃ እኔ ልተወው መሰለኝ" አልኩት። ቫዮሊኑን እየጠራረገ ሰማኝና፣ "ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስገቢያቸው" አለ።

"አንተ ደግሞ! ስንት ለመንኳቸው እኮ። አይታረቁም!"

"አስታርቂያቸው ማን አለሽ? አስታን ሄደሽ 'ቲራ እርስዎ ረስተውታል ይላሉ' በያቸው። ቲራንም 'አስታ እርስዎ ረስተውታል ይላሉ' በያቸው። ከዚያ ዞር በይ።"

እንዲህ ያለ ተንኮል ከዓሣ በላተኛ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

ፌብሩዋሪ 28፣ ማክሰኞ

ከየት ልጀምር? ሁለቱም መጡ! ያውም አስታ ሩብ ሰዓት ቀድመው፣ ቲራ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀድመው። ክፍሉ ስደርስ አንዳቸው መስኮቱ ጋ፣ አንዳቸው በሩ ጋ ቆመው ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ጓንታቸውን ያጥፋሉ።

"ተቀመጡ እንጂ" ብል፣ አስታ "ከእሷ ጎን አልቀመጥም" አሉ። ቲራም "እኔስ ማን ለመነኝ?" አሉ። ስለዚህ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አደረግሁላቸው። ይኸው ነው። እኔ ያደረግሁት ይኸው ብቻ ነው!

የሁለቱም ጉልበት ዛሬ በቅዝቃዜው ተይዟልና "በእጃችሁ አሳዩን" አልኳቸው። እኛ ሲደክመን እንደምናደርገው ማለቴ ነው፤ መዳፍ የእግር ምትክ ሆኖ ዳንሱን አየር ላይ ይደንሰዋል። ፕሬበን ቫዮሊኑን አነሣ። እጆቻቸው ከጭናቸው ላይ ተነሡ።

አስታ ቀኛቸውን ወደ መስኮቱ ሰደዱ። ቲራ ግራቸውን ወደ መስኮቱ ሰደዱ። አስታ ዞሩ፣ ቲራ ዞሩ። አንዲትም ሳትዛነፍ! አንዲት ሴት መስታወት ፊት ቆማ የምትደንስ ነው የሚመስለው። መሃሉ ላይ አስታ ዓይናቸውን ቲራ እጅ ላይ ተክለው ተከተሉ፤ እጃቸው እየተከተለ ሄዶ ሄዶ፣ የጠፋው ሁሉ ተመለሰላቸው። እስከ መጨረሻው ደረሱ። ፕሬበን ቆመ። 

መጀመሪያ የጮኸችው ማይብሪት ናት። "ተገልብጦ ነው! እትዬ ቦዲል፣ መሃሉ ተገልብጦ ነው!"

"ወይዘሮ ቲራ፣ ዳንሱን ሲያጠኑ የት ነበር የሚቆሙት?" አልኳቸው።

"የት እቆማለሁ? ተጠባባቂ የሚቆመው ከመምህሩ ወንበር ጀርባ ነው። ከዚያ ሆኜ ነዋ አስታን የማያት።" አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከመምህሩ ጀርባ ማለት ከአስታ ፊት ለፊት ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወጥ ቤታቸው ውስጥ የደነሱት ያንን ፊት ለፊት ያዩትን ነው፤ የአስታ ቀኝ ለእሳቸው ግራ ሆኖ።

እኔስ? ያን ቀን "ከመጀመሪያው ላሳያችሁ" ሲሉኝ ብፈቅድላቸው ኖሮ ወዲያው ይገባኝ ነበር። የደነሰችው ታውቃለች ብዬ፣ ያልደነሰችውን አፏን አስያዝኳት። የማይብሪት ጉልበት በኔ ነው ያበጠው።

ወይዘሮ ቲራ መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪፈስ። "እንኳንም ዘውዱን ነጠቅሽኝ አስታ! ያን ጊዜ ብወጣ ኖሮ ዘልዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር የምሰቀለው! ያውም ንጉሡ ሊያዩ በመጡበት ምሽት!"

ሁላችንም ሳቅን። አስታ ግን አልሳቁም።

"አትሰቀይም ነበር" አሉ።

"እንዴት አልሰቀልም? ይኸው ታየ አይደል!"

"ይሄ ኋላ ወጥ ቤትሽ ውስጥ የተገለበጠ ነው። ያኔ ልክ ነበርሽ። ያን ምሽት መጋረጃው ጀርባ ሆነሽ ስትሞክሪው በስንጥቁ አይቼሻለሁ። ከእኔ ትበልጪ ነበር።" ጓንታቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። "እግሬ ድኖ አልነበረም የመጣሁት፣ ቲራ። አይቼሽ ነው የመጣሁት።"

 ቲራ ቦርሳቸውን ከፍተው ጎረጎሩና ጨው ያለውን ጥቁር ከረሜላ አወጡ፤ አንዱን ለአስታ ሰጡ፣ አንዱን ራሳቸው ጎረሱ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ተነፋረቅሁ። ፕሬበን መሐረቡን ሰጠኝ። ንጹሕ ነበር፤ ዓሣም አይሸትም።

ማርች 1፣ ሐሙስ

ክሮግ አየ! ማይብሪት በረረች! ምንም አልተሰበረ። ኪም ሚስት አገኘ። ክሮግ "ግን" ሳይል ወጣ!!

ማርች 2፣ ዓርብ

ማለትም ትንሽ "ግን" ነበረችው፤ ጥሩ "ግን"። የሙሽራዋን እናት አስታ ይሁኑ አለ። እናትየዋ አትደንስም፤ በእጅና በፊት ብቻ ነው የምትጫወተው፤ ሴት ልጇን ዘውድ ደፍታ የምትሸኛት እሷ ናት። አስታ ሲነገራቸው እንደ ኮረዳ ቀሉ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ "እናት፦ አስታ። ተጠባባቂ፦ ቲራ።" ወይዘሮ ቲራ መጥተው አነበቡት። "እሺ" ብለው ካፖርታቸውን ሊያመጡ ሄዱ። ደክሟቸው ይሆናል፤ ሰሞኑን ስንመላለስ ነው የከረምነው።

ማርች 5፣ ሰኞ

ትናንት ቅበላ ነበር፤ ከተማው ሁሉ የክሬም ዳቦ ሲበላ ዋለ። ለልምምዱ አንድ ሳጥን ይዤ ሄድኩ። ወይዘሮ ቲራ አንድም አልቀመሱ። ጥግ ላይ ወንበር ይዘው አስታን ያያሉ። ጨዋታቸው ጠፍቷል። ጉንፋን ነው?

ማርች 8፣ ሐሙስ

ፕሬበን ዛሬ ቤቴ ድረስ ሸኘኝና በሩ ላይ "ሰሌዳው ላይ የጻፍሽውን አንብበሽዋል?" አለኝ።

"እኔው ጽፌው!"

"መጻፍሽን አውቃለሁ። አንብበሽዋል ወይ ነው የምልሽ።"

ደረጃውን ወጥቼ ቁልፌን በሩ ውስጥ እንዳስገባሁ ገባኝ። ተጠባባቂ! እንደገና! ያቺን ቃል በገዛ እጄ፣ በትልልቁ፣ ለሰባ ሦስት ዓመት ሴት! ምን ነካኝ? እንኳን ሰው ግድግዳውም ሳያፍርብኝ አልቀረም።

ማርች 9፣ ዓርብ

ክሮግን ለመንኩት። የዕለቱ መርሐ ግብር ታትሟል፤ የአስታ ስም ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ አይቻልም። ወይዘሮ ቲራን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ "ኧረ ልጄ፣ እኔ ወንበሩን ለምጄዋለሁ" አሉኝ። ይባስ አደረጉኝ።

ማርች 15፣ ሐሙስ

አስታ ዘውዱን ማይብሪት ራስ ላይ ሲደፉ እጃቸውን መሃል ላይ አቆሙት። "ይቺ ሴትዮ ለምንድን ነው የማትስቀው?" አሉኝ በሹክሹክታ፣ ወደ ጥጉ በአገጫቸው እያመለከቱ። ምን እላለሁ? "ይጠይቋቸው" አልኩ። አልጠየቁም። ልምምዱ እስኪያልቅ ግን ዓይናቸው ከዚያ ወንበር አልተነሣም።

ማርች 24፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ትርኢት ዛሬ ነው። አስታ የሉም! ቤታቸው ስልክ አይነሣም። ልብሳቸው መስቀያው ላይ ነው። ክሮግ ፀጉሩን እየነጨ ነው። ፕሬበን ጓዳ ጓዳውን እየፈለገ ነው። ቲራን ልብሱን እያለበስኳቸው ነው፤ "ትመጣለች፣ ታያለሽ፣ ትመጣለች" ይላሉ። በኋላ እጽፋለሁ።

ማርች 25፣ እሑድ ጧት

ፕሬበን ወጥ ቤት እንቁላል እየጠበሰ ነው። ትናንት መሽቶበት ሶፋው ላይ አደረ። ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ግን በዚያ ነፋስ ሰው አይሰደድም። እንቁላሉ እስኪደርስ ልጻፈው።

አስታን ያገኛቸው እሱ ነው። የት? አዳራሹ ውስጥ! ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ጥቁር ሐር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ዕንቋቸውን አንጠልጥለው፣ ቲኬት ይዘው። ስሮጥ ሄድኩ።

"ወይዘሮ አስታ! ምን ሆኑ? አሞዎት ነው?"

"ምንም አልሆንኩም። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ቤት ኖሬ ቲኬት ገዝቼ አላውቅም። ዛሬ ገዛሁ። ገንዘቤን ከፍዬ እናቲቱን ለማየት ነው የመጣሁት፤ አታስቸግሪኝ።"

ተመልሼ ልሮጥ ስል "ቆይ" አሉኝ። ተነሡ። ክንዴን ይዘው በጎኑ በር ወደ መድረኩ ጀርባ ወጡ። ወይዘሮ ቲራ የእናትየዋን ልብስ ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ ዘውዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አስታን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዘውዱን ዘረጉላቸው።  

አስታ ዘውዱን አልነኩም። ዞረው ከቲራ ኋላ ሄዱና በጉልበታቸው መቀመጫቸው ላይ ጎሸም አደረጓቸው።

በእኛ ቴአትር ቤት መድረክ ለሚወጣ ሰው "ይቅናህ" አይባልም፤ እንደዚህ ከኋላ ነው የሚመታው። የተመታውም "አመሰግናለሁ" ካለ ዕድሉን አባረረው ማለት ነው። የሚመታውም ሊወጣ የተዘጋጀ ሰው ብቻ ነው፤ ተጠባባቂ አይመታም። ለወይዘሮ ቲራ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ትናንት የመጀመሪያቸው ነበር። አፋቸው ሊከፈት ሲል አስታ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉባቸው።

"ውጪ" አሏቸው። "ሰው እየጠበቀሽ ነው።"

ከዚያስ? ከዚያማ ወጡ! ማይብሪት እንደ ላባ ነበረች፤ ስለሷ ጋዜጣው ይጻፍ። እኔ ግን ያየሁት እናትየዋን ነው። ልጇ ከፊቷ እየደነሰች ስትሄድባት እንዲያ ስትኮራ፣ እንዲያ ስትፈራ፣ ዘውዱን ደፍታላት እጆቿ ባዶ ሲቀሩ፤ ሠርገኞቹ ሳይቀሩ እያለቀሱ ጨፈሩ። መጋረጃው ሲዘጋ አዳራሹ በእግሩ ቆመ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች ሴት ባርኔጣዋን አውልቃ "ቲራ! ቲራ!" እያለች ስትጮኽ እስከ መድረኩ ይሰማ ነበር።

ኋላ የተኳኳለውን ፊታቸውን ላጥብላቸው ብዬ ቅባትና ጥጥ ይዤ ስገባ ወይዘሮ ቲራ እጄን ገፉት። "ተይኝ! ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄው በአንድ ምሽት ልታስለቅቂኝ? እንዲሁ ነው የምሄደው።" ክሮግ ታክሲ ልጥራ ቢል እሱንም አልፈልግም አሉ፤ ሰው እንዲያያቸው ፈልገው ነው። ስለዚህ አራታችን የቫልቢን አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ሁለቱ ከፊት፣ እኔና ፕሬበን ከኋላቸው። ወይዘሮ ቲራ ጉንጫቸው ቀይ ሆኖ፣ ቅንድባቸው እስከ ጆሮ ተስቦ፣ ሾፌሩን "እንደምን አመሹ" አሉት። ሾፌሩ ቲኬት መቁረጡን ረሳ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ አስታ "ሁለተኛው ክፍል ላይ ቸኩለሻል" አሉ።

"አልቸኮልኩም።"

"ቸኩለሻል። ልጇን ከቤት ስትሸኝ እናት አትቸኩልም። ጧት መጥቼ አሳይሻለሁ።"

"ነይ፤ ድንቹን ግን አንቺ ትልጫለሽ።"

 ፕሬበን አጠገቤ እያንጎራጎረ ነበር፤ ዝም በል አላልኩትም። የፍሬዴሪክስበርግ ፌርማታ ሲደርስ አስታ ሊወርዱ ተነሡ። ወይዘሮ ቲራ እጃቸውን ያዙ፤ የተኳኳለው ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

"አስታ፣ አሁን እንኳ አመሰግናለሁ ማለት አይቻልም?"

"አይቻልም" አሉ አስታ። "ነገም ትወጫለሽ፣ ከነገ ወዲያም ትወጫለሽ። ዝም በይ።"